ቁልፍ የሌለው ጠመንጃ

በሾላ በር ወረዳ የመሣሪያ ቁልፍ ጣቢያ የሚያዝያ ወር ሥራ የሚጀመረው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ገበሬው ጠመንጃውን አንግቶ ይመጣል፣ ስሙን ይናገራል፣ አውራ ጣቱን ሰደፉ ላይ ያሳርፋል። ትርንጎ አለኸኝ ከቃታው በላይ የተቀበረችውን የባቄላ ፍሬ የምታክል ቁልፍ በመነጽር ትመረምራለች። ከዚያ ገበሬው ባዶውን ጠመንጃ ግቢው መሐል ወደቆመው ዘበኛ አነጣጥሮ ቃታውን ይስባል። ቃታው ንቅንቅ አይልም። ከመሣሪያው ውስጥ የወንድም የሴትም ያልሆነ ድምፅ ይወጣል፤ «ሰው ነው።»

ዘበኛው በቀን እስከ ሰባ ጊዜ ይነጣጠርበታል። መጀመሪያ ሰሞን ዓይኑን ይጨፍን ነበር፤ አሁን ሬዲዮ ያዳምጣል።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰማንያ አንድ ነው፤ ሕጉ ከወጣ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በአገሩ ያለ የግል ጠመንጃ ሁሉ ቁልፍ አለው። ጅብ ይመታል፣ ከርከሮ ይመታል፤ ሰው አይመታም። በየሚያዝያው ካልታደሰ ደግሞ በድን ይሆናል፤ ያን ጊዜ ለጅብም አይተኩስም።

ትርንጎ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በዚህ መስኮት መቀመጥ ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ። ሙያውን የመረጠችው ወዳ ነው። ልጅ ሳለች አባቷ በድንበር ጠብ ተገደለ። ታላቅ ወንድሟ የአባቱን ደም መለሰ፤ በዓመቱ እሱም ተገደለ። ሁለተኛው ወንድሟ ጠመንጃ አንስቶ ሲወጣ እናታቸው ደጃፉ ላይ ተጋድማ «ረግጠኸኝ እለፍ» አለችው። ሳይረግጣት ተሻገራት፤ አልተመለሰም። የቁልፍ ሥልጠና በተከፈተ ጊዜ ከወረዳው የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ ትርንጎ ነበረች።

ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በነበረው ዓመት በሾላ በር አርባ አንድ ሰው በጥይት ሞቷል። ባለፈው ዓመት የሞተው ሦስት ነው። በገጀራና በቢላዋ የሚሞተው ከስድስት ወደ ዘጠኝ ከፍ ብሏል፤ ትርንጎ ይህንንም አትክድም፣ ጤና ጣቢያ ሄዳ ራሷ ጠይቃለች። ቢሆንም የሚቀበረው ሰው ቀንሷል። የሚያንገበግባት ሌላ ነገር ነበር። ጣቢያው ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ «በጥይት የሞተ፦ ዜሮ» ተብሎ ተጽፏል። ሦስቱ አልተቆጠሩም፤ ሦስቱንም የገደሉት የመስኖ ቦዩ ጠባቂዎች ናቸውና። የጠባቂዎች ጠመንጃ በሕግ ነፃ ነው፤ ቁልፍ የለውም።

አያ ቸኮለ መንገሻ ቁልፉን አምርረው የሚጠሉ ሰው ነበሩ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ከቦዩ ማዶ ከልጃቸው ከአንዳርጌ ጋር ሽንኩርት ያለማሉ። ባለፈው መጋቢት ሦስት ወጣቶች በቀትር መጥተው የፀሐይ ፓምፓቸውን ነቅለው ሲጭኑ ሽማግሌው አነጣጠሩባቸው። ጠመንጃው «ሰው ነው» አለ። ሌቦቹ ሣቁ። አንደኛው መኪናው ላይ እየወጣ «ጠመንጃህን አመስግንልን!» ብሏቸው ሄደ።

ሚያዝያ ሲገባ ጣቢያው መጥተው ጠመንጃውን ትርንጎ ጠረጴዛ ላይ ወረወሩት።

«ንቀይልኝ።»

«አልችልም፣ አያ ቸኮለ።»

«አታውቂበትም?»

«አውቅበታለሁ። ግን አልነቅልም።»

«ይሄ እኮ ምርኩዝ ነው! ሰው ንብረቴን ሲጭን ተደግፌው ቆሜ ያየሁበት ምርኩዝ! አንቺ ነሽ እንዲህ ያደረግሽኝ!» ድምፃቸው እስከ ሰልፉ ጫፍ ተሰማ።

«ፓምፑ ይተካል፣ አያ።»

«እኔስ? እኔን በምን ትተኪኛለሽ?»

ትርንጎ ጠመንጃውን ወደ ራሷ ሳበች። ቁልፉን ፈትሻ አደሰችላቸው፤ እሳቸውም ሳይሰናበቷት ወጡ።

በኅዳር የቦዩ ውሃ ለታችኛው መንደር ዘጠኝ ቀን ተዘጋ። ሽንኩርቱ ጠወለገ። በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ አንዳርጌ አካፋ ይዞ የቦዩን መዝጊያ ሊከፍት ሄደ። እርሻ ላይ የነበሩ ሰዎች አንድ ተኩስ ሰሙ። ሲደርሱ አንዳርጌ ከቦዩ ጠርዝ በደረቱ ተደፍቶ ነበር። መዝጊያው እንደተዘጋ ነው።

ጠባቂዎቹ ማናችንም አልተኮስንም አሉ። በሦስተኛው ቀን፣ ከቀብሩ ማግስት፣ መጥተው አያ ቸኮለን ያዙ። ከልጃቸው ጋር በመሬት ይጨቃጨቁ ነበር ተባለ፤ ጠመንጃ አላቸው ተባለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቁልፉን ንቀይልኝ ሲሉ ሰልፍ ሙሉ ሰው ሰምቷቸዋል።

ጠመንጃቸው በጠባቂዎቹ ጽሕፈት ቤት ሦስት ሳምንት ከተቀመጠ በኋላ የጠባቂዎቹ አዛዥ ሻምበል ታረቀኝ ራሱ ይዞት ወደ ትርንጎ መጣ። አብሮት አንድ ወረቀት ነበር።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ የሚፈርሙት እዚህች ላይ ነው።»

ወረቀቱ ቁልፉ በብልሃት ተከፍቶ እንደነበረና ከተተኮሰ በኋላ እንደተመለሰ ይናገራል።

«ማነው የጻፈው?»

«ባለሙያ።»

«የዚህ ወረዳ ባለሙያ እኔ ነኝ።»

«ለዚህ እኮ ነው ይዤልዎ የመጣሁት።»

ትርንጎ ወረቀቱን ወደ ጎን ገፍታ ቁልፉን ከፈተች። ቁልፍ እያንዳንዱን ተኩስ መዝግቦ ይይዛል። የመጨረሻው ጥቅምት አሥራ አራት የተተኮሰ ነበር፤ ከርከሮ ላይ። በኅዳር ምንም የለም።

«ይህ ጠመንጃ ሰው አልገደለም» አለች።

«መዝገቡ የጸጥታ ምስጢር ነው። ፍርድ ቤት አይቀርብም። ይህን ደግሞ እርስዎ ያውቃሉ።»

ታውቃለች። ደንቡ እንደዚያ ነው የሚለው።

«በዚያ ቦይ ላይ ሰው የሚገድል ጠመንጃ የያዘው የእናንተ ሰው ብቻ ነው፣ ሻምበል።»

ሻምበል ታረቀኝ በሩን ዘጋ። ሲመለስ «እርስዎ» ማለቱን ትቶት ነበር። «ስሚኝ። የወንድሞችሽን ነገር አውቃለሁ። ይህ ሕግ የወጣው እነሱን በመሰሉ ሰዎች ሞት ነው። ጠባቂ ገበሬ ገደለ ተብሎ ቢወራ ነገ ሁሉም ቁልፉን በመዶሻ ሰብሮ ይጥላል። ያን ጊዜ ስንት ሬሳ እንደሚወጣ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ይህ ትርንጎ ብዙ ቀን ብቻዋን ስትሆን የምትፈራው ነገር ነበር። ቢሆንም ወረቀቱን አንስታ መለሰችለት።

«ሕጉን የምትወደው ከሆነ አንተም ጠመንጃህ ላይ አስገጥመው። አልፈርምም።»

ሻምበሉ ከወጣ በኋላ የጣቢያው ኃላፊ አቶ ሞላልኝ ገባ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። «ትርንጎ፣ እባክሽ፣ አንድ ፊርማ ናት። ሽማግሌው እንደሆነ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል።»

«ዕድሜያቸውን ስለጨረሱ ልጃቸውን ገድለዋል?»

አቶ ሞላልኝ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ።

ጉዳዩ በጥር ወር በወረዳው ፍርድ ቤት ተሰማ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ይጋፋ ነበር። ትርንጎ በባለሙያነት ተጠርታ፣ በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ የሥራ ቦርሳዋን ይዛ ቀረበች፤ ማለች። ወጣቱ ዐቃቤ ሕግ ጥያቄውን ጀመረ።

«ተከሳሹ ቁልፉን ንቀይልኝ ብለውዎት ነበር?»

«ብለውኛል።»

አዳራሹ አጉረመረመ። አያ ቸኮለ ከተከሳሽ ሳጥኑ ውስጥ አንገታቸውን ደፉ።

«እርስዎስ?»

«አልነቀልኩም። ሌላም ሰው አልነቀለውም። ከፍቼ አይቼዋለሁ።»

«በምን ያስረዳሉ?»

«በመዝገቡ።»

«መዝገቡ ምስጢር ነው።»

«እንግዲያው በመሣሪያው።»

«ባዶውን ከሆነ ሁሉም ቁልፍ እምቢ ይላል። አንዴ የተነካካ ቁልፍ ተመልሶ ቢገጠምም ጥይት ሲጎርስ ሰው ላይ ይተኩሳል፤ የሚለየውም ያኔ ነው። ይህንን እርስዎ ራስዎ ለሠልጣኞች አስተምረዋል። ተሳስቻለሁ?»

«አልተሳሳቱም።»

ዐቃቤ ሕጉ ፈገግ ብሎ ሊቀመጥ ዞረ። ትርንጎ ግን ከምስክር መቆሚያው ወርዳ ነበር። የጠመንጃው ጠረጴዛ ሦስት እርምጃ ላይ ነው። ከቦርሳዋ የመፈተኛ ጥይት አወጣች፤ አጎረሰችው። ያን ድምፅ በአዳራሹ ውስጥ የማያውቀው አልነበረም፤ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ወይዘሮ ትርንጎ!» አለች ዳኛ እልፍነሽ ካሳ ከመንበሯ ብድግ ብላ።

ፖሊሶቹ ሲንደረደሩ ትርንጎ ጠመንጃውን በአያ ቸኮለ እጅ አስጨብጣ፣ አውራ ጣታቸውን ሰደፉ ላይ አሳርፋ፣ ደረቷን ለአፈ ሙዙ ሰጥታ ቆማ ነበር።

«ማንም እንዳይነካቸው!» አለች ዳኛዋ። የሽማግሌው ጣት ቃታው ላይ ነበር።

«ይሳቡት፣ አያ ቸኮለ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄን ቀብሬ ነው የመጣሁት። አንቺን ደግሞ በእጄ ልግደል?»

«ካልሳቡት ልጄን ገድያለሁ ማለትዎ ነው።»

«እኔ እኮ ይሄን ዕቃ ጠልቼዋለሁ! አንቺንም ሰድቤሻለሁ!»

«አውቃለሁ። ይሳቡት።»

ትርንጎ ይህን ስትል ሦስቱ ሳምንት ትዝ አሏት። ጠመንጃው ሦስት ሳምንት በጠባቂዎቹ እጅ ነበር። የቁልፉ ማሸጊያ ሳይሰበር እንዳለ ነው፤ ማሸጊያ ግን ተመልሶ ይሠራል። ከከፈተችው ወዲህም በማን እጅ እንደዋለ አታውቅም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሰው ላይ የከሸፈ አንድ ቁልፍ አይታለች፤ ያ ሰው ዛሬም በአንድ እግሩ ነው የሚሄደው። ዓይኗን ከአፈ ሙዙ አንስታ የሽማግሌውን እጅ አየች። ጥፍራቸው ሥር የሁለት ወር እስር ያላስለቀቀው አፈር ነበር።

አያ ቸኮለ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቡት።

«ሰው ነው» አለ ጠመንጃው።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከፈቱ፤ ትርንጎ ቆማለች። እንደገና ሳቡት። «ሰው ነው።» እንደገና፤ አሁን እንባቸው እየወረደ፤ «ሰው ነው። ሰው ነው።» ትርንጎ እጃቸውን ይዛ ጣታቸውን ከቃታው አላቀቀች፤ ጥይቱን አውጥታ ዳኛዋ ፊት አስቀመጠች። ከዚያ ወደ ፊተኛው ረድፍ ዞረች። ሻምበል ታረቀኝ ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መሐል አቁሞ ተቀምጦ ነበር።

«ሻምበል፣ አሁን የእርስዎን ይዘው ይምጡ። እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ።»

ሻምበሉ አልተነሣም። እጁ ወደ ማንገቻው ሄደ።

«ሻምበል ታረቀኝ» አለች ዳኛዋ ቀስ ብላ፣ «መሣሪያዎ ቁልፍ አለው?»

«በሕግ ነፃ ነው፣ ክብርት ዳኛ።»

«እሱን አልጠየቅሁም።»

«የለውም።»

«ወይዘሮዋ ላይ አነጣጥረው ቢስቡትስ ምን ይሆናል?»

ሻምበሉ ወደ ዐቃቤ ሕጉ ዞረ። ከመስኮቱ ውጭ የነበረች አንዲት ሴት ግን «ትሞታለቻ!» አለች፤ እሷን ዝም በይ ያላት ሰው አልነበረም።

ፍርድ ቤቱ ከአንዳርጌ አስከሬን የወጣው ጥይት በዕለቱ ተረኛ ከነበሩት ስድስት ጠባቂዎች ጠመንጃ ጋር እንዲመሳከር አዘዘ። በስምንተኛው ቀን ውጤቱ መጣ። የተኮሰው የሃያ አራት ዓመት ጠባቂ ነበር፤ መዝጊያውን የነካ ይመታ ተብዬ ነው ብሎ አለቀሰ። አያ ቸኮለ በነፃ ተለቀቁ።

ትርንጎ ግን በዚያው ችሎት፣ በዚያችው ዳኛ፣ ችሎት በመድፈር ሁለት ወር ተፈረደባት። «ልክ ነበሩ» አለች ዳኛ እልፍነሽ። «ነገር ግን ሰው በሞላበት ችሎቴ ጥይት አጉርሰዋል።»

«ይግባኝ የለኝም» አለች ትርንጎ።

ስትፈታ የስንብት ደብዳቤዋ ቤቷ በር ሥር ተቀምጦ ጠበቃት። ሻምበል ታረቀኝ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል፤ ጠመንጃውንም ይዞ ነው የሄደው። የዓመቱ ሪፖርት ደግሞ ወጥቷል። በሾላ በር በጥይት የሞተ፦ ዜሮ። አንዳርጌ «በመስኖ ሥራ ላይ ያጋጠመ አደጋ» በሚለው ረድፍ ውስጥ ገብቷል።

ሚያዝያ አንድ ቀን ጣቢያው እንደ ወትሮው ተከፈተ። መስኮቱ ላይ ከከተማ የመጣ አዲስ ባለሙያ ተቀምጧል። ገበሬዎቹ ጠመንጃቸውን አንግተው መጡ፤ አልተሰለፉም። አያ ቸኮለ ከበሩ ፊት ለፊት መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ ሌላውም አጠገባቸው ተቀመጠ። እስከ ቀትር መንገዱ ሞላ። ባለሙያው ወጥቶ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው።

«ጠባቂዎቹ ይቅደሙ» አሉ አያ ቸኮለ። «እነሱ ሳይሰለፉ እኛ አንሰለፍም።»

ነገሩን ያሰበችው ትርንጎ አልነበረችም። ወሬውን ስትሰማ ነጠላዋን ለብሳ ሄደች። ገና ሳትቀመጥ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ጠራት።

«ለምን እንለምናቸዋለን? አንቺ መንቀሉን ታውቂበታለሽ። በሳምንት የሁላችንንም ትጨርሺዋለሽ። ከዚያ ቦዩ ላይ እንገናኛለና!»

ብዙ ሰው «እውነቱን ነው!» አለ። ትርንጎ ሰውየውን ትክ ብላ አየችው።

«አባትህ ከማን ጋር ነበር ደመኛ?»

ሰውየው ወደ ጎን ዞር አለ። ሁለት ሰው አልፎ የተቀመጠው ሽማግሌ የዚያ የደመኛ ቤት ሰው ነበር።

«ከነቀልኩልህ ለሳቸውም እነቅልላቸዋለሁ» አለች። «ቦዩ ጋ ሳትደርሱ እዚሁ ትጨራረሳላችሁ። እኔ ሦስት ሰው ቀብሬያለሁ። ለማንም አልነቅልም።»

ሰውየው ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ መንቀልን ያነሣ አልነበረም።

በሁለተኛው ሳምንት ከዞን ባለሥልጣን መጣ፤ ትርንጎን ለብቻዋ ጠርቶ በትሕትና አነጋገራት።

«ሕጉ እንደሚሠራ በችሎት ያሳዩት እርስዎ ነዎት። ታዲያ ሕዝቡን ለምን ያሳድማሉ?»

«ይሠራል። ስለሚሠራ ነው ለእነሱም ይገጠም የምንለው።»

«ጠባቂ ሌባ ቢመጣበት በምን ይከላከላል?»

«አያ ቸኮለ ፓምፓቸው ሲሄድ በምን ተከላከሉ? እሳቸውን ያኔ የጠየቀ አልነበረም። መላ ካለ ለሁላችንም አብረን እንፈልግ።»

«ቀነ ገደቡ ካለፈ ጠመንጃችሁ በሙሉ በድን ይሆናል።»

«ይሁን» አለች።

ሚያዝያ ሠላሳ ቀን፣ ልክ በስድስት ሰዓት፣ ሁለት ሺህ ጠመንጃ በአንድ ጊዜ ሞተ። እያንዳንዱ ቀጭ አለ፤ ሁለት ሺው ሲደመር ግን በጠጠር ላይ ዝናብ እንደመውረድ ያለ ድምፅ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ጠባቂዎቹ የሚተኩስ ጠመንጃቸውን ይዘው ተደርድረዋል። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። በዚያ ሰሞን ከርከሮ በቆሎውን አወደመው፤ ጃርት የአያ ቸኮለን ሽንኩርት ግማሹን ቆፍሮ በላው፤ ሰው በቆርቆሮ ጩኸት እያባረረ በተራ እየመጣ ይቀመጥ ነበር። ሁለት ጊዜ ጠባቂዎቹ እንዲያነጣጥሩ ታዘዙ። ሁለቱንም ጊዜ አያ ቸኮለ ከመሬት ተነሥተው ቆሙ፤ ትርንጎም አጠገባቸው ቆመች። ጠመንጃዎቹ ተመልሰው ወረዱ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከላይ የአንድ ገጽ ትእዛዝ ደረሰ፤ በሾላ በር ወረዳ ብቻ፣ ለሙከራ፣ የጠባቂዎች መሣሪያ ቁልፍ ይገጠምለት የሚል። ጠባቂዎቹ ስልሳ ሁለት ናቸው። አዲሱ ባለሙያ በእነሱ ዓይነት ጠመንጃ ላይ ቁልፍ ገጥሞ አያውቅም፤ ትርንጎ ተጠራች። የስንብት ደብዳቤውን ማንም አላነሣባት፤ እሷም አላነሣችው። ጠረጴዛው ከክፍሉ ወጥቶ ሰው ሁሉ በሚያይበት ግቢ መሐል እንዲቀመጥ ብቻ ጠየቀች።

መጀመሪያ የቀረበው አዲሱ አዛዥ ሻለቃ ውድነህ ነበር። ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ እጁ ትንሽ ዘገየ። ከኋላው ስልሳ አንዱ ተሰልፈዋል፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት።

«ስንት ይፈጃል?»

«ለአንዱ አርባ ደቂቃ።»

ሻለቃው ወደ አጃቢው ዞሮ «ወንበር አምጣልኝ» አለው። አጃቢው ሮጦ ወንበር ይዞ መጣ።

ትርንጎ መፍቻዋን አስቀመጠች።

«ወንበሩ ይመለስ» አለች። «እዚህ ሁሉም ቆሞ ነው የሚጠብቀው።»

ሻለቃው አያት፤ ከአጥሩ ውጭ ጸጥ ብሎ የቆመውን ሕዝብ አየ። ከዚያ አጃቢውን በእጁ መለሰውና ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ዝቅ አድርጎ ቆመ። ትርንጎ መፍቻዋን አንስታ ሥራዋን ጀመረች።